ከአዝማቹ በፊት

«ጋሼ፣ ይኸኛው አራተኛው ነው» አለች የወንድሙ ሚስት፣ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ።

«ምኑ ነው አራተኛው?»

«‹ኪቦርዱ ደህና ነው?› ብሎ የጠየቀኝ።»

ታላቅየው ቀና ብሎ ከግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ወንበሮች አየ። ሟቹ ታናሽ ወንድሙ ኪቦርድ ተጫዋች ስለነበር የከተማው ኪቦርድ ተጫዋች ሁሉ ለቅሶ ደርሷል። ሌሊት ሠርተው ቀን የሚተኙ ሰዎች ናቸው፤ በዚህ ጠዋት ነቅተው መታየታቸው ብቻውን ትልቅ ሐዘን ይመስላል። ጥቁር መነጽር አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ጣቶቻቸው ግን ዝም ማለት አልቻሉበትም፤ ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ።

«አንቺንስ ደህና ነሽ ወይ ያለሽ የለም?»

«ኧረ አለ። አንዱ መጀመሪያ እኔን ጠየቀኝ፤ ቀጥሎ ኪቦርዱን።»

ቀብሩ ካለፈ ወዲህ ፈገግ ስትል ሲያያት የመጀመሪያው ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። የሚፈልጉትን ያውቃል። በዚህ ሙያ ኪቦርዱ ራሱ ብርቅ አይደለም፤ ሱቅ ይገኛል። ብርቁ በሆዱ ውስጥ ያለው ሪትም ነው። ተጫዋቹ ድራሙን ምት በምት ራሱ ያቀናብርና ማሽኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ሲያሻው በአንድ ጣት ይጠራዋል። ወዳጅ ለወዳጅ በፍላሽ ይቀባበላል። ሟቹ ግን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። «ኩላሊቴን ለምኑኝ፣ ሪትሜን አትንኩብኝ» ይል ነበር። አሁን እሱ የለም፤ እዚያ ከተደረደሩት ውስጥ ፍላሽ በኪሱ ያልያዘ ካለ ቤት ረስቶት መሆን አለበት።

እናታቸው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጮኸው አያለቅሱም። የገባውን ሰው ሁሉ «በላህ? በላሽ?» ይላሉ፤ መልሱን ሳይሰሙ ወደ መስኮቱ ይዞራሉ።

ሙዚቀኞቹ ሟቹን «ስድስቱ» ይሉት ነበር። «ስድስቱ መጣ»፣ «ስድስቱ ዛሬ የት ነው የሚሠራው?» ይባላል። ድራሙንም፣ ቤዙንም፣ ጊታሩንም፣ ሳክስፎኑንም፣ የቀረውንም ብቻውን ስለሚጫወት ነው። ለሌላው ቀልድ ነው። ለታላቅየው ግን ቅጽል ስሙ ሁልጊዜ እንደ እሾህ ይወጋው ነበር፤ ምክንያቱም እነዚያ ስድስት ሰዎች በእርግጥ ነበሩ፣ አንዱም እሱ ነበር።

ድሮ ባንድ ነበራቸው። አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ማታ ማታ ይጫወታሉ፤ ታላቅየው ድራም ላይ። ጥሩ ድራመር ነበር፤ አንድ አመል ብቻ ነበረችበት። ዘፋኙ ወደ አዝማቹ ሊገባ ሲል ይቸኩላል። ከደስታ ነው። አዝማቹ ሲቃረብ ደስ ይለዋል፣ ደስ ሲለው እጁ ይቀድመዋል፣ ከዚያ እንደማፈር ብሎ ይመለሳል። የባንዱ መሪ ሁልጊዜ ይቆጣው ነበር፤ «ምን ያስሮጥሃል? አውቶቡስ አመለጠህ?» ይለዋል። ይሰድቡታል፣ ይስቁበታል፣ ግን ያ ቦታ ሲደርስ የዳንሱ ሜዳ ይሞላል። ይህን ያስተዋለ አልነበረም፤ እሱ ራሱም ጭምር።

ከዚያ ኪቦርዱ መጣ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሒሳብ የሚወድ ሰው ነበርና «ስድስት ሰው ስድስት ራት ይበላል፤ ይሄ ዕቃ ራት አይበላም» አለ። የጠራውም ሌላ ሰው አልነበረም፤ ታናሽየውን ነው።

ታናሽየው ነገሩን ከማንም በፊት ለወንድሙ ሊነግረው ሄደ። ቁጭ በል ቢለው እምቢ ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ብቻህን ትችላለህ ወይ አለኝ።»

«ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያ ግባ።»

«እኔ ካልገባሁ እኮ ሌላ ሰው ነው የሚገባው...»

«ግባ አልኩህ አይደል?»

እውነቱን ነበር፤ እሱ ባይገባ ሌላ ይገባ ነበር። ያንን ታላቅየውም ያውቃል። ማወቁ ግን አላስታገሰውም። ድራሙን ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጠና የወረቀት መጋዘን ውስጥ ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እሑድ እሑድ እናታቸው ቤት ይገናኛሉ። ስለ ኳስ ያወራሉ፣ ስለሚያፈሰው ጣራ ያወራሉ፣ ስለ እናታቸው ጉልበት ያወራሉ። ስለ ሙዚቃ አንድ ቃል አይተነፍሱም። ታላቅየው ወንድሙ የሚጫወትበት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ጠብ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ጠብ አስታራቂ አለው። የእነሱ ግን ጨዋነት ነበርና ማንም ጣልቃ ሊገባበት አልቻለም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ልረብሽዎት?»

ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከኪቦርድ ተጫዋቾቹ አንዷ ናት፤ ቀብሩ ላይም አይቷታል። መነጽሯን አውልቃ ኪሷ ከተተች። ዐይኗ አብጧል።

«አልዋሽዎትም፤ ለለቅሶም ነው የመጣሁት፣ ለሪትሙም ነው። ሌሎቹም እንደኔው ናቸው፤ እርስዎን ፈርተው ነው።»

«አንቺ አትፈሪኝም?»

«እፈራለሁ። ግን ሥራዬን ላጣ ነው፤ እሱን የባሰ እፈራለሁ።»

የምትሠራበት ቤት ባለቤት ስልኩ ላይ አዲስ ነገር እንደጫነ ነገረችው። «ሞቅ ያለ፣ ለሰርግ የሚሆን» ብሎ ይጽፍበታል፤ ስልኩ ራሱ ዜማውን ይሠራል፣ ራሱ ይጫወታል፣ ራሱ ይዘፍናል።

«ትናንት ጠርቶ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹አንቺ ራት ትበያለሽ፤ ስልኩ አይበላም።›»

ታላቅየው ዘወር ብሎ አያት። እሰይ ማለት ነበረበት። ስንት ዓመት ሙሉ ይህች ቀን መጥታ እነዚህ ሰዎች የእሱን ጽዋ ሲጠጡ ለማየት ሲመኝ ኖሯል። አሁን ግን ያበጠ ዐይኗን አይቶ አንደበቱ እምቢ አለው።

«እና የሱ ሪትም ምን ያደርግልሻል?»

«ሰው ያስነሳል። የኛ ሪትም እኮ ልክ ነው ጋሼ፤ ችግሩ ልክ መሆኑ ነው። ልክ ሆኖ ግን የሞተ...» አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በለቅሶ ቤት!»

«ግድ የለም፤ ቀጥዪ።»

«የሱ ሲመጣ የተቀመጠ ሰው ይነሳል። ለምን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም። ሰው ያለበት ይመስላል። እሱን ብይዝ ያንን ስልክ አሳፍረው ነበር።»

ልቡ ሊራራላት ሲል ዐይኑ ከወንበሮቹ ላይ አረፈ። ሁሉም አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ምን እንደሚመልስ ይጠብቃሉ። ደሙ ፈላ።

«የወንድሜ አፈር ገና አልደረቀም» አለ፣ ድምፁን ሳይደብቅ። «ሲደርቅ እንነጋገራለን።»

ሴትዮዋ «እውነትዎን ነው» ብላ ተነሳች። ወደ ቤቷ ግን አልሄደችም፤ ወደ ወንበሯ ተመልሳ ተቀመጠች።

ታላቅየው ወጥቶ «ሰርኪት» የሚሉትን የኪቦርድ ጠጋኝ ፈለገው። ሰርኪት ከጎረቤት በውሰት የመጡ ወንበሮችን ያራግፍ ነበር፤ ወንድሙን የሚወድ፣ እጁ ሥራ ካልያዘ እንባው የሚመጣበት ሰው ነው።

«ውስጡ ያለውን ሁሉ መሰረዝ ይቻላል?»

ሰርኪት ወንበሩን አስቀመጠ። «ይቻላል። ሁለት ቁልፍ ነው። ግን ጋሼ፣ ከተሰረዘ አይመለስም፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጠውም።»

«አይመለስ። ከባለቤቱ ጋር ይቀበር።»

ይህን የሚያደርገው ወንድሙን ከአሞሮች ለመጠበቅ እንደሆነ ለራሱ ነገረው። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን ያንን ማሽን ሲጠላው ኖሯል። ሥራውን ወስዶበታል፤ አሁን ደግሞ ወንድሙን። ስድስቱ የሞተው ደረጃ ላይ ነው። ሌሊት ሥራውን ጨርሶ ከሆቴሉ ምድር ቤት ስፒከሩን ብቻውን ተሸክሞ ሲወጣ ልቡ ቆመ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ባንድ ቢኖረው ኖሮ የስፒከሩን ሌላ ጫፍ የሚይዝለት ሰው ይኖር ነበር። ታላቅየው ቀብሩ ላይ ቆሞ ሲያስብ የነበረው ይህንኑ ነው፤ «ያ ሌላው ጫፍ የእኔ ነበር።»

የወንድሙ ሚስት ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች። ፎጣ አንስቶ አጠገቧ ቆመና ማድረቅ ጀመረ።

«ሪትሙን ላሰርዘው ነው» አላት። «ቅር ይልሻል?»

አንድ ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጠበች።

«እኔ ሙዚቀኛ ያገባሁ መስሎኝ ነበር እኮ ጋሼ። ያገባሁት ዝምታ ነው። ጆሮው ላይ ማዳመጫውን ያደርግና ከጠዋት እስከ ማታ፤ እኔ የምሰማው የጣቱን ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው። አንዷን ሪትም ክረምቱን ሙሉ ሠራት። ‹ይሄ እሱ አይደለም› ይልና ያጠፋዋል። ሌላ ይጀምራል፤ ‹ይሄም እሱ አይደለም›።»

«እሱ ማነው?»

«ምን አውቄ! አንድ ትልቅ ድራመር ይመስለኛል፤ የውጭ አገር ሰው። አንድ ቀን ደግሞ ማዳመጫውን ወርውሮ፣ ‹መጣ! መጣ!› ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። እንግዳ የመጣ መስሎኝ በሩን ልከፍት ሮጥኩልህ።» ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ። እጇን በልብሷ አብሳ ዐይኗን ያዘች።

ታላቅየው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አንተ ታውቃለህ ጋሼ» አለች ስትረጋጋ። «የሙዚቃውን ነገር እኔ አልፈርድም። ሲጠፋ ግን እዚያ ክፍል አልገባም።»

መኝታ ቤቱ ውስጥ ኪቦርዱ በብረት መቆሚያው ላይ፣ አልጋውን ተጠግቶ ቆሟል። ሚስትየው አንሶላ አልብሳዋለች። ሰርኪት አንሶላውን ገልጦ አጠፈው፣ ሶኬቱን ሰካ፣ ማዳመጫውን አነሳ።

«ለምን ማዳመጫ?»

«ያው የምሰርዘው ትክክለኛው መሆኑን ልስማ ብዬ ነው። በለቅሶ ቤት ድምፅ ላወጣ ነው እንዴ ጋሼ?»

እንግዲህ ሰርኪት በሕይወቱ ስንቱን የተበላሸ ኪቦርድ አስነስቷል። ዛሬ ግን የማዳመጫውን ገመድ እስከ መጨረሻው አልገፋውም። ድምፁ ደግሞ ሟቹ ለአዳራሽ ከፍ እንዳደረገው ነው፤ ዝቅ ያደረገው የለም። ሰርኪት ቁልፉን ሲነካ ድራሙ ቤቱን ሞላው።

ሳሎን ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ በአንዴ ተቆረጠ። አንዲት ጎረቤት «ኧረ ነውር ነው! በለቅሶ ቤት!» ብለው ሲጮኹ ተሰማ። ሰርኪት ላብ አጠመቀው። ማቆሚያውን ሲፈልግ ሌላ ቁልፍ ተጫነ፤ ያም ሪትሙን ወደ አዝማቹ የሚያሻግረው ቁልፍ ነበር። ድራሙ ተንደረደረ፤ ቸኮለ። ከዚያ እንደማፈር ብሎ ተመለሰ።

ታላቅየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ያንን ምት ከየትም ቢመጣ ያውቀዋል፤ የራሱ እጅ ነው። ማንም በማሽን ሊያርመው በሚችለው ዘመን፣ ወንድሙ ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ያንን ስህተት ምት በምት ፈልጎ አግኝቶታል።

ከሳሎን የእናቱ ድምፅ መጣ።

«ተዉት! ማንም እንዳይናገረው። ታላቁ ልጄ ነው፤ ይምታ፣ ይውጣለት።»

«እማማ፣ መሣሪያው እኮ ነው» አላቸው አንድ ሰው።

«የምን መሣሪያ? ልጄን ላላውቀው ነው? እንዲህ የሚቸኩል ማን አለ?»

ተነስቶ በሩ ላይ ብቅ አለ። ድራሙ ከኋላው ይመታል። እናቱ መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ባዶ የተንጠለጠሉትን ሁለት እጆቹን አዩ።

«አንተ እዚህ ነህ እንዴ?»

«አለሁ እማዬ።»

«ታዲያ ማነው የሚመታው?»

«እሱ ነው እማዬ» አለ። «እኔን አስመስሎ።»

የወንድሙ ሚስት ፎጣዋን እንደያዘች ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። «አንተ ነበርክ?» አለችው። «‹መጣ› ያለው አንተን ነበር እንዴ ጋሼ?»

ቀብሩ ላይ ያላለቀሰውን እዚያ በር ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው አለቀሰ። ወንድሙ በሩን ዘግቶበት የሄደ መስሎት ነበር። ታናሽየው ግን ማታ ማታ ከነአመሉ ይዞት ሲወጣ፣ ሰው ሲያስነሳበት ኖሯል። «ለምን አልነገርከኝም?» ብሎ እንዳይቆጣው ደግሞ፣ እሑድ እሑድ ስለ ጣራ ሲያወራ የኖረው ታላቅየው ራሱ ነው።

ሰርኪት በመጨረሻ ማቆሚያውን አገኘው። «ጋሼ» አለ ከውስጥ፣ ፈራ ተባ እያለ፣ «እንግዲህ... ልሰርዘው ወይስ?»

«እጅህን ከዚያ ላይ አንሳ!»

ከዚያ ወደ ወንድሙ ሚስት ዞረ። ሳይጠይቃት ገባት።

«ስጣቸው ጋሼ» አለች። «ብቻውን አይሁን።»

«ፍላሽ የያዘ ይግባ» አለ ታላቅየው፣ እንባውን በእጁ መዳፍ እየጠረገ። «ተራ በተራ። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ።»

ሁሉም ወለሉን ያያሉ። ቆይቶ አንዱ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ሌላው ተከተለ። እያፈሩ፣ እየተሳሳቁም፣ አምስት ስድስት ፍላሽ ወጣ። እናትየው ይህን ሲያዩ «ምንድነው እሱ? በልተዋል እነዚህ ልጆች?» አሉ።

ፀጉረ አጭሯ ሴት ቀድማ ገባች። ታላቅየው እናቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከመኝታ ቤቱ ድራሙ ዝግ ብሎ መምታት ጀመረ፤ አሁን የሚሰማው ልብ ብሎ ለሚያዳምጥ ብቻ ነው። ጥቂት ቆይታ ሴትዮዋ አንገቷን በበሩ ብቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ እዚህች ጋ፣ ከአዝማቹ በፊት፣ ትንሽ ይቸኩላል። ላስተካክለው? ሰከንድ አይፈጅም።»

«ተይው» አላት። «እንዲሁ ውሰጂው።»

እናቱ እጁን ወስደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ድራሙ ይሄዳል፣ ይሄዳል። ወደ አዝማቹ ሊገባ ሲቃረብ፣ ገና ሳይደርስ፣ የልጃቸውን እጅ ጨበጥ አደረጉት።